ሳንረጥብ የዋኘንበት እሑድ

የወሎው ቦሩ ሜዳ ሰው ውሃ አይፈራም፤ ውሃ እንዲነካው ብቻ አይፈልግም። ደግሞም አይፈረድበትም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልዶ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሜዳው ውርጭ ለብሶ እያየ ያደገ ሰው፣ ልብሱን አውልቆ ወራጅ ውሃ ውስጥ የሚገባ ጎረቤት ቢያይ ቄስም ሼህም ያስጠራለታል እንጂ አያጨበጭብለትም። እዚያ አገር ውሃ ማለት እሳት ዳር ቆይቶ፣ ለብ ብሎ፣ በጣሳ የሚመጣ ነገር ነው። ፊትና እግር ይታጠቡበታል፤ የቀረው የሰውነት ክፍል ጉዳይ ለበዓል ዋዜማ ይቀጠራል። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይቦርቁበታል፤ ትልልቆቹም ከጣሪያ ጠፈፍ ሥር መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ያብሳሉ። የዓመቱ ዋና በዚሁ ይዘጋል።

ታሪክም ቢጠየቅ ሜዳው ከውሃ ጋር የተዋወቀው በጨዋታ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክንና የጎጃሙን ራስ አዳልን አስከትለው እዚሁ ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ አካሄዱ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ከሥራቸው የነበረው ሕዝብ ግን ብዙው ፈቃዱን ሳይጠየቅ ነው ውሃ የነካው። እንግዲህ የዚያ ሜዳ ሽማግሌ ዛሬም «ወደ ውሃ ሲጠሩህ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቅ» ቢል የሚገርም ነገር የለውም።

አሁን ግን አዲስ ጥሪ መጥቷል። «ሐይቅ ሄደን እንዋኝ» የሚባል። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከቦሩ ሜዳ ሲታይ ቆላ ነው እንላለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ውሃው ራሱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተኛው። ኮምቦልቻዎች እንኳ ከዚያ ዝቅ ብለው 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚኖሩ ቁምጣ መልበስ አያሳፍራቸውም። እኛ ሐረጎን ወርደን ባየናቸው ቁጥር «ብርድ አይመታችሁም?» ስንል፣ እነሱ ደግሞ ካፖርታችንን እያዩ «ታማችኋል እንዴ?» ይሉናል። የሆነ ሆኖ ሐይቅ ዳር ሎጅ ተሠርቷል፣ ጀልባ አለ፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ፎቶው ደስ ይላል። ጦርነት የነበረበትን የ2014ን ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ ያሳለፈ ቤተሰብ እሑድን ውሃ ዳር ለመዋል ሌላ ምክንያት የሚጠየቅም አይመስለኝም። ስለዚህ መሄዱን አልነቅፍም። የታዘብኩት አካሄዱን ነው።

ጉዞው የሚጀምረው በጉባኤ ነው። የ1870ው ጉባኤ የሦስት ልደትን ክርክር ሰምቶ፣ አከራክሮ፣ ውሳኔ ሰጥቶ ተበትኗል። የእኛ ቤተሰብ ጉባኤ ግን ዶልፊኑ ላይ ከሹፌሩ አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ ሳይወስን ሳምንታት ያልፋሉ። የቤተሰቡ ሽማግሌ ጋሽዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፊት ይገባቸዋል። የአዲሱ ሙሽራችን እናት አማች ስለሆኑ ፊት ይገባቸዋል። አንዷ ደግሞ መኪና ያስመልሳታል፤ ፊት ካልተቀመጠች የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በመጨረሻ ፊት የተቀመጠው ድስቱ ነው፤ ወጡ እንዳይደፋ።

ድስት ካልኩ አይቀር፣ ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ማለት ሁለት ድስት ማለት ነው። አንዱ በቢስሚላህ የታረደ፣ አንዱ በስመ አብ የታረደ። እህትማማቾች ሃይማኖታቸው ቢለያይ፣ ወንድም ከወዲያ ቢያገባ፣ ልቅሶውም ሠርጉም አንድ ነው፤ ሥጋው ብቻ ሁለት ነው። ማማሰያው እንዳይሳሳት የአንደኛው ድስት ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር ታሥሮበታል። ከድስቶቹ ሌላ ከሰልና ማንደጃ፣ ጀበናና ረከቦት፣ ቄጠማ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሦስት ምንጣፍ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተጭኗል። እማማም ለብቻቸው በፌስታል የዳማከሴ ቅጠል ይዘዋል፤ ምች ቀጠሮ አይሰጥማ። የዋና ልብስ የያዘ ሰው ካለ ብዬ በዓይኔ ፈለግኩ። አንድ ፎጣ አየሁ፤ እንጀራው ተሸፍኖበታል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንነሣለን የተባለው መኪና 4 ሰዓት ላይ ተነሣ። ይህ በወሎ ሰዓት እንደ መቅደም ይቆጠራል።

ስንደርስ ጥላ ያለው ቦታ ተመረጠ፤ ምንጣፉ ተነጠፈ፤ ቄጠማው ተጎዘጎዘ። ሰዉም እንደየማዕረጉ ፊቱን ወደ ድስቶቹ፣ ጀርባውን ወደ ሐይቁ አድርጎ ተቀመጠ። ልብ ብላችሁ እዩ፤ ውሃ ዳር የሚዝናና የእኛ አገር ቤተሰብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ያን ያህል መንገድ የተመጣለትን ውሃ ፊት ለፊት የሚያየው ሹፌሩ ብቻ ነበር፤ እሱም መኪናውን ሲያጥብ።

የእማማ ሕግ ወዲያው ታወጀ። ቁርስ ሳይበላ ውሃ አይገባም፤ ባዶ ሆድ ያጥወለውላል። ቁርስ ተበልቶም አይገባም፤ ምች ይመታል። ላብ ሳይደርቅ አይገባም፤ ላብ ከደረቀ በኋላም አይገባም፤ ገላ ቀዝቅዟልና። ቡና ሳይጠጣ መግባትማ የማይታሰብ ነው። አቦሉ ወረደ፤ ቶናው ወረደ፤ በረካውን ረግጦ የሚነሣ ደግሞ ምርቃቱ ያመልጠዋል። ምርቃቱ ረዘም ያለ ነበር፤ አገር ሰላም እንዲሆን፣ ዝናቡ በወቅቱ እንዲጥል፣ ልጆች እንዲያድጉ፣ ውጭ ያሉት እንዲመለሱ፣ የተመለሱት ሥራ እንዲያገኙ። አሜን ተባለ። ያን ጊዜ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፤ በፀሐይ ደግሞ አይገባም።

በዚህ መሀል ዓሣ መጣ። ስለ ዓሣ አንድ ነገር ካላልኩ እህሉ አይወርድልኝም። ሁለቱ ድስቶች በአረንጓዴ ክር ተለያይተው ሲንተከተኩ፣ ቆሮሶው ተጠብሶ በአንድ ትሪ መሀል ላይ ቀረበ፤ ሁሉም እጁን ሰደደ። ዓሣን ማን አረደህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። በአገራችን ሥጋ ለያይቶ ያስቀመጠውን ሰው አንድ ትሪ ላይ የሚሰበስብ ፍጥረት ቢኖር እሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ ቆሮሶው ራሱ የሐይቅ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከሌላ ውሃ አምጥተው የጨመሩት እንግዳ ነው። ዋና ግን ስለሚችል ለመደ።

ከበላን በኋላ የዋና ጉዳይ በንግግር ተጀመረ። ጋሽዬ በወጣትነታቸው በውትድርና ምጽዋ ነበሩ። ቀይ ባሕርን እንዴት እንደቀዘፉት ሲተርኩ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ፤ ከዚያም አንደኛው የማይጠየቀውን ጠየቀ፤ «ታዲያ ጋሽዬ፣ አሁን ግቡና አሳዩና!» ጋሽዬ አልደነገጡም። «የባሕር ውሃ ጨው ነው፤ ሰው ያንሳፍፋል። ይሄ ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ያሰምጣል» አሉ። ንድፈ ሐሳቡ ልክ ነው። የባሕር ውሃ በእርግጥ ከሐይቅ ውሃ ይከብዳል፣ በእርግጥም የተሻለ ያንሳፍፋል፤ ልዩነቱ ግን ከመቶ ሦስት ገደማ ነው። ቀሪውን ዘጠና ሰባት ዋናተኛው ነው የሚያዋጣው። ይህን ለጋሽዬ አልነገርኳቸውም። ሽማግሌ በሰው ፊት አይታረምም፤ በተለይ ያመጣህ መኪና የሳቸው ሲሆን።

ጋሽዬ ወሬውን ለማስቀየስ በእ.ኤ.አ. 2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ዋናተኛ አነሡ። ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ከ59 ተወዳዳሪ የመጨረሻ ወጥቶ ዓለም ሁሉ የሣቀበትን። ምንጣፉ በሣቅ ተናወጠ። ሣቁን አላበላሽም ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ቁጥሩን አስታውሰዋለሁ፤ 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95። ከሣቂዎቹ መካከል 100 ሜትርን በአንድ ደቂቃ ቀርቶ በአንድ ክረምት የሚጨርስ ሰው ቢኖር ሁለቱንም ድስት ልሸልመው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ሮቤል ገብቷል። እኛ ከምንጣፉ አልተነሣንም።

በኋላ ግን ተነሥተን ነበር፤ ለፎቶ። የጀልባው ባለቤት አንድ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አውሶን ነበርና ጃኬቱ ከአንገት ወደ አንገት ሲዞር ዋለ። ጃኬቱን የለበሰ ሁሉ ጀልባ ላይ ወጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ ተነሣ፣ ወረደ፣ አውልቆ ለቀጣዩ ሰጠ። ጀልባዋ በገመድ ታሥራ ነበር። እውነተኛው የጀልባ ሽርሽር በተራው ሲደርስና ከዳር ሲርቅ ጃኬቱ ምንጣፉ ላይ ቀረ፤ ትራስ ሆኖ። አባወራዎቹ የሱፍ ሱሪያቸውን እስከ ባት ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በአንድ እጅ ስልካቸውን በሌላው ይዘው፣ ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ገቡና «ኧረ ይቀዘቅዛል!» ብለው ወጡ። ፎቶው ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ከሥሩ «ሐይቅን ስንዋኛት» የሚል ተጽፎበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከመጣች ጀምሮ ውሃውን ነው የምታየው። ስሊፐሯን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች። ከምንጣፉ ሦስት ድምፅ ባንዴ ተነሣ፤ «አንቺ! ሴት ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ልብሷ ረጥቦ ገላዋ ላይ እንዳይለጠፍ፣ ሰው እንዳያይ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ወጣች። ወንድሟ በበኩሉ የፈራ ልጅ ነው፤ እናቱ ቀሚስ ሥር ተሸሽጎ ቡና ቁርስ ይበላል። እሱን ደግሞ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» እያሉ ክንዱን ይዘው ወደ ውሃው ይጎትቱት ጀመር። የምትፈልገውን ከልክለው የማይፈልገውን ሲገፉ ዋሉ፤ ሁለቱም ሳይማሩ ቀሩ። ውሃው ግን ወንድና ሴት ለይቶ አያሰምጥም። ሎንግ ቀሚስ ከነውስጥ ሱሪው ለብሳ መግባት ትችል ነበር፤ ደረቅ ልብስ ይዞ መምጣት ብቻ ነበር የጎደለው። ለሁለት ድስት ቦታ የተገኘበት መኪና ለአንዲት ቅያሪ ቀሚስ ጠበበ።

ሰሃን የሚታጠብበት ሰዓት ሲደርስ ወንዶቹን ድንገት መንፈሳዊነት መታቸው። «እስጢፋኖስን ሳንሳለም እንዴት እንመለሳለን?» አሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ታላቅ ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። ይህች ሁለተኛዋ ነጥብ በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደምትመች ለማንም አልተሠወረም። ክርስቲያኖቹ ለመሳለም ሄዱ፤ ሙስሊሙ አማችም «ታሪክ ነው፣ ማየት ጥሩ ነው» ብሎ ተከተላቸው። አንድም ወንድ አልቀረም፤ ሹፌሩ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ዞር አልኩ፤ እሱም የለም። ተሳላሚዎቹ ደጃፉ ድረስ ደርሰው ዛፍ ጥላ ሥር ተኝተው እንደነበር የሰማነው ዘግይቶ ነው።

ሴቶቹ እንግዲህ ሰሃኑን ያጠቡት ሐይቁ ውስጥ ነው፤ በዱቄት ሳሙና። አረፋው እንደ ደመና ተንሳፈፈ። ማንም ያላሰበው ነገር ቢኖር ሐይቅ መውጫ የሌለው ውሃ መሆኑን ነው። ከላይ ከአርዲቦ ሐይቅ ይገባለታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ወደ ውስጡ የጣሉት ሳሙና፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የዳይፐር ላስቲክ ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ በሚቀጥለው እሑድ የሚመጣውን ቤተሰብ ይጠብቃል። አያቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ቢያንስ ሌላ ጥቅም ነበረው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር፤ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች። ብልሃርዝያ በአገራችን ብዙ ጣፋጭ ውሃ ዳር ያለ በሽታ ነው፤ ትሉ ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ መሀሉን ፈርተን ዳሩ ላይ ቆመን የዋልነው ሰዎች የቆምነው ትሉ በሚወደው ቦታ ላይ ነው። ልጆቹም ሽንታቸውን የሸኑት እዚያው ነው።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ። የሙሽራዋ ታናሽ እህት ከውጭ የተላከላት ነጭ ጫማ ነበራት። እንዳይረጥብ ብላ ድንጋይ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ነፋስ መጣና አንዱ እግር ውሃ ውስጥ ወደቀ። መጀመሪያ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። «ያዙት!» ተባለ። ሁሉም ሁሉንም አዘዘ። ሦስት ሜትር ሆነ። ጋሽዬ ከገዳሙ ሲመለሱ ደርሰው «አትደናገጡ፣ ነፋሱ ይመልሰዋል» አሉ። አምስት ሜትር ሆነ። አንዱ ድንጋይ ወረወረ፤ ማዕበሉ እንዲያመጣው አስቦ ነው፤ ጫማው ግን ይበልጥ ራቀ። እማማ ስለት ተሳሉ። ይህን ሁሉ የሚቀርጽ ስልክ አራት ነበር።

ከዛፉ ኋላ አንድ የአካባቢው ልጅ ብቅ አለ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዟል፤ ዓሣ ሲሸጥ ውሎ ነው። «ላምጣው?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ ገባ። ጀሪካኑን ደረቱ ሥር አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ እግሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ሄደና ጫማውን በጥርሱ ይዞ ተመለሰ። ሲወጣ ውሃ ተንጠባጥቦበት ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመ።

ምን እንደተደረገለት ልንገራችሁ። መጀመሪያ «ዞር በል፣ ምንጣፉን አረጠብከው» ተባለ። ቀጥሎ ሃያ ብር ተሰጠው። ከሃያው ብር ጋር ምክር ተመረቀለት። ጋሽዬ ናቸው የጀመሩት፤ «ለምን ትምህርት ቤት አትሄድም?» እሑድ ነበር። «ውሃ ለውሃ መዋል ዱርዬ ያደርጋል፤ ሰው የሚሆነው ሲማር ነው።» ሌሎቹም ተቀበሉ። አብሽር፣ በርታ፣ ተማር፣ ራስህን ቀይር። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ሊማረው ያልደፈረውን ነገር በዓይናቸው ፊት ሠርቶ ያሳየውን ልጅ ስለ ትምህርት ጥቅም አስተማሩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ እሺ እሺ እያለ ሰማ። ከዚያ ጀሪካኑን አንሥቶ ሄደ። ያችን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አየኋት፤ ከሁሉም ሰው መካከል እሷ ብቻ እግሩን ነበር ስታይ የቆየችው፤ እንዴት እንደሚያንቀሳቅሰው።

ጫማ ስለነበር ነው የሣቅነው። ያ ጫማ በነበረበት ቦታ የፈራው ወንድሟ ሊሆን ይችል ነበር፤ ሲጎትቱት አምልጦ። ሐይቅ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ሃያ አምስት ፎቅ ቢቆምበት ጣሪያው አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ገደማ ሰው ውሃ ውስጥ ሰምጦ ሞቷል፤ ከሞቱት መካከል ትናንሽ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለ መስጠም የምናውቀው ደግሞ ከፊልም ነው፤ ሰውየው እጁን እያውለበለበ «ድረሱልኝ!» ሲል። እውነተኛው እንደዚያ አይደለም። የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም፤ አፉ ከውሃ በላይ ብቅ ባለባት ቅጽበት አየር ይስባል እንጂ አይጣራም። እጁንም አያውለበልብም፤ ውሃውን ወደ ታች እየተጫነ ለመውጣት ይታገላል። ከዳር ለሚያየው ቆሞ የሚጫወት ይመስላል። አጠገቡ ያ የድምፅ ማጉያ እየጮኸ፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ በረካውን እየጠበቀ፣ ማን ያየዋል? ቢያየውስ ማን ይገባል? ዋና የማይችል ሰው ልጁን ለማዳን ዘሎ ሲገባ ሬሳው ሁለት የሚሆነው በዚህ ነው። ከዚያ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን «ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ይበላል» እንላለን። ሐይቁ ማንንም አይበላም። ያልተማረ ሰው ነው የሚገባበት።

ማታ ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ብርዱ በሩ ላይ ጠበቀን፤ ጎረቤቶችም ጠበቁን። «ዋናው እንዴት ነበር?» አሉ። «ወሏሂ ሸጋ ነበር! ውሃው ራሱ ይጠራሃል» አሉ ጋሽዬ። ጥሪውን ማን እንደተቀበለ አልጠቀሱም። እማማ ግን ዳማከሴውን ጨምቀው ሁሉንም አስሸተቱ፤ ቁርጭምጭሚት ድረስ የገቡትንም ጨምሮ።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሐይቅ ለምትወርዱ ሁሉ ልመና አለኝ። ሁለቱም ድስት ይሂድ፤ እሱን አልነካም፤ የወሎ ነገር ነው። የሥጋውን ኪሎ ግን በአንድ ቀንሱና ዋጋውን ለዚያ ዓሣ ለሚሸጠው ልጅ ወይም ለእሱ መሰል ስጡት፤ ምክር ሳትጨምሩበት። ለአንድ ሰዓት ልጆቻችሁን እንዲያስተምር ጠይቁት፤ ወገብ በማይሞላ ውሃ፣ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ። ሴቷንም ጨምሩ፤ ቅያሪ ቀሚስ ይዛችሁላት ኑ። ሎጁ ስትገቡ የዓሣውን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ከሠራተኞቹ ዋና የሚችል ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱ «እ... እ...» ከሆነ ልጆቹን ከዓይናችሁ አታርቁ። ሰሃኑን ቤት አምጥታችሁ እጠቡ፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ገዳሙን በጠዋት ይሳለሙት። ባዶ የዘይት ጀሪካንና ረጅም ገመድ ያዙ፤ ሰው ቢወድቅ ዘላችሁ አትግቡ፣ ጀሪካኑን በገመድ አሥራችሁ ወርውሩለት። ክዳኑ መጥበቁን ግን ከቤት ሳትወጡ እዩ።